የዘውዴ ቋጠሮ

ጋሼ ዘውዴ ማረፉን የሰማሁት ኦቤትስ በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስቆልል ነው። የደዋይ ቁጥር የሚያሳየኝ ቢፐሬ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ጮኸ፤ ሦስቱም የጋሼ ይልማ ቁጥር ነበር። ከእረፍት ክፍሉ ደጃፍ ካለው የሳንቲም ስልክ ደወልኩ። ጋሼ ይልማ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ መርዶ መንገር ስለለመዱ ዙሪያ ጥምጥም አልሄዱም። "ወንድማችን ዘውዴን ጌታ ወሰደው፤ ልቡ ናት" አሉኝ። ለቀብሩ የሕይወት ታሪኩን የምጽፈው እኔ እንደሆንኩም ነገሩኝ፤ አማርኛዬ ጥሩ ነው፣ ደግሞም ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ሊዘጉ ሲሉ "ያቺን የቋጠሮዋን ነገርም ጣል አድርግባት፤ ሰው በለቅሶ መሀል ትንሽ ፈገግ ቢል አይከፋም" አሉ።

እሺ አልኩ። ለጋሼ ይልማ ከእሺ ሌላ መልስ ኖሮኝ አያውቅም፤ የዚህ ሁሉ ነገር ጠንቅም ይኸው እሺታዬ ነው።

ኮሎምበስ ያለው የኛ ሰው ላላ ያለ ነገር ሲያይ "የዘውዴ ቋጠሮ" ይላል። የጫማው ክር የተፈታ ልጅ፣ መንገድ ላይ ከመኪና ጣሪያ የወደቀ ፍራሽ፣ ሰኞ ተማምሎ ረቡዕ የሚካካድ ሰው፣ ሁሉም የዘውዴ ቋጠሮ ነው። ሰውየውን አይተውት የማያውቁ አዲስ መጤዎች ሳይቀሩ ይሉታል። እኔም ብያለሁ፤ አንዴም እሱ ባለበት። እውነቱ ግን እንደ ጋሼ ዘውዴ ለቋጠሮ የሚጠነቀቅ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም።

አጠር ያለ፣ ክንደ ወፍራም ሰው ነበር። ሲስቅ ድምፅ አያወጣም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። አገር ቤት ሥራው የስልክ እንጨት ላይ እየወጣ ሽቦ መዘርጋት ነበር። "ግማሽ ዕድሜዬን እንጨት ላይ ነው የጨረስኩት፤ ጽጌንም መጀመሪያ ያየኋት ከላይ ሆኜ ነው" ይል ነበር። ሂልቶፕ ሰፈር፣ ከብሮድ ስትሪት ገባ ብላ ባለች ትንሽ ቤት ከባለቤቱ ከእትዬ ጽጌና ከልጃቸው ከሊድያ ጋር ይኖር ነበር፤ እኔ ከስደተኛ ካምፕ እንደመጣሁ ምድር ቤቱን፣ ቤዝመንቱን፣ ተከራየሁት። ቀን ቀን ነርሲንግ ሆም ውስጥ አዛውንቶችን ያነሣል፣ ያጥባል፣ ያጎርሳል።

ገደል የመውጣቱን ነገር ያመጣው እዚያ የሚንከባከበው ሚስተር ኤርል የሚባል ሽማግሌ ነው። ስትሮክ ግራ ጎኑን ወስዶበታል። በጉብዝናው ወራት በገመድ ገደል የሚወጣ ሰው ነበር፤ ስሙ የታወቀውን፣ ሰው የሚጋፋበትን ቦታ ግን ይንቃል። "ወረፋ ያለበት ገደል ገበያ ነው" ይል ነበር አሉ። የእሱ ቦታዎች አሥራ አንድ ናቸው። ሁሉም ከኮሎምበስ ጠዋት ተነሥተው ማታ የሚመለሱባቸው፣ ማንም የማያውቃቸው ናቸው፤ አንዱ ከሎጋን ወዲህ ከበቆሎ እርሻ ጀርባ፣ አንዱ የተተወ የድንጋይ ካባ ውስጥ፣ ሁለቱ ወንዙን ተሻግሮ ኬንታኪ። በደህናው እጁ የምሳ ዝርዝር ወረቀት ጀርባ ላይ እየሣለ ለጋሼ ዘውዴ ይሰጠው ጀመር። ልመናው አንድ ብቻ ነበር፤ ሄደህ እይልኝ፣ አሁንም አሉ ወይ?

ጋሼ ዘውዴ መጀመሪያ የሄደው ለማየት ብቻ ነው። ግን እንጨት ሲወጣ የኖረ ሰው ቆሞ ማየት አይሆንለትም። ክረምቱን ሙሉ ሚስተር ኤርል ከአልጋው ሳይነሣ፣ የአልጋውን ብረት ዛፍ አድርጎ፣ ገመድ እንዴት እንደሚታሰርና እንዴት እንደሚያዝ አስተማረው። በረዶው ሲቀልጥ ጋሼ ዘውዴ አሮጌ ዕቃ ገዝቶ ቤዝመንት ወረደና "ብሬ፣ ሰንዴይ ከቸርች በኋላ ኦፍ ነህ?" አለኝ። ለምን እኔን እንደመረጠ ስጠይቀው ክብደታችን እኩል ስለሆነ ነው አለ። ሌላ ምክንያት እንዳለው ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ብቸኝነቴ አሳዝኖት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገመዱ ከወጪው ወገብ ተነሥቶ ገደሉ አናት ላይ ባለ ዛፍ ዞሮ ወደ ታች፣ ወደ ያዡ ይወርዳል። ያዡ ወገቡ ላይ ባለች ትንሽ ብረት ውስጥ ገመዱን ያሳልፍና ከብረቷ በታች በእጁ ጨምቆ ይይዛል። ወጪው በወጣ ቁጥር ይሰበስብለታል። ቢያዳልጠው የሚያቆመው ያ እጅ ነው፤ እጁ ከሌለ ምንም የለም።

ጋሼ ዘውዴ ቋጠሮውን ያስርና ይጎትተዋል። ከዚያ ለእኔ ያሳየኛል፤ እኔም እጎትተዋለሁ። መልሶ ደግሞ ራሱ ይጎትተዋል። ሰለቸኝ ብል "ቋጠሮ አይታመንም፣ ይታያል" ይለኛል። ስለ እጄም አንድ ትእዛዝ ነበረው፤ "ዓይንህ የፈለገበት ይሂድ፣ እጅህ ግን እዚህ ይኑር።" ከዚያ ድንጋዩን በግንባሩ ይነካና ሳይዞር "ይዘሃል?" ይላል። "ይዣለሁ" እላለሁ። ይህን ሳንባባል እግሩ መሬት ለቆ አያውቅም።

ቤትም ይህቺን ይጫወትባት ነበር። ሊድያ አማርኛ ብትሰማም መልሷ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። ብስክሌት ሲያስተምራት ግን "ይዘኸኛል?" ካላለች አይገፋትም፤ ትላለች፣ "ይዤሻለሁ" ይላታል። ከአፏ የምትወጣው አማርኛ ያቺ ብቻ ነበረች።

እነዚያ ገደሎች አብዛኞቹ የሰው መሬት ላይ ናቸው። ጋሼ ዘውዴ ሳይጠይቅ አይገባም። እትዬ ጽጌ የጋገረችውን ዳቦ በፎጣ ጠቅልሎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ የገበሬውን በር ያንኳኳል። አንድ ጊዜ ከበቆሎው ጀርባ ያለው ገበሬ ሃይማኖት ሰባኪዎች መስለነው ገና ሳንናገር አያስፈልገኝም ብሎ ዘጋብን። ጋሼ ዘውዴ ዳቦውን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ መኪና ውስጥ ተቀመጠ። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ገበሬው እያኘከ ወጣና ይህ ምን ዓይነት ዳቦ ነው አለ። ከዚያ ወዲያ ውሻውን ራሱ እያሰረልን ነው የምንገባው።

ሰኞ ሰኞ ሥራ ሲገባ ለሚስተር ኤርል ሪፖርት አለ። በሽማግሌው አንሶላ ላይ በጣቱ እየሄደ፣ እዚህ ጋ ጣት የምታስገባ ስንጥቅ አለች፣ እዚህ ጋ ዛፉ ወድቋል ይለዋል። አንዴ ላየው አብሬው ሄድኩ። ሚስተር ኤርል ዓይኑን ጨፍኖ የሞተው እጁ ጣቶች አንሶላውን ለመያዝ ሲታገሉ አየሁ። በሁለት ዓመት ሰባቱን ጨረስን፤ ጋሼ ዘውዴ በሰማያዊ ደብተሩ በአማርኛ ጽፏቸው አንድ በአንድ ምልክት ያደርግባቸዋል።

ስምንተኛው ከላንካስተር ወዲያ፣ ከአንዲት የሽርሽር ሜዳ ጀርባ ነበር። ጋሼ ዘውዴ ተንኮሉን ሠራ፤ የቤተ ክርስቲያናችን የበጋ ፒክኒክ እዚያ እንዲሆን ኮሚቴውን አሳመነ። ሰው ሥጋ ሲጠብስ እኛ ዕቃችንን ይዘን ሹልክ አልን።

ስለ ጋሼ ይልማ መናገር አለብኝ። ከኤርፖርት የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። ኦቤትስ ሥራ ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ሰናይትን ከቤተሰቧ ሊጠይቁልኝ ሽማግሌ ሆነው ሊሄዱ ነበር። ገደል ስለመውጣታችን ወሬ ደርሷቸው አንድ እሑድ ከመድረክ፣ ስም ሳይጠሩ፣ አምላክን ስለመፈታተን አስተምረዋል። ጋሼ ዘውዴ ያን ዕለት ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ።

ጋሼ ዘውዴ የቤት ጣሪያ ቁመት ያህል ወጥቷል። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ገመዱን እሰበስባለሁ። ከኋላዬ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ዞር ብል ጋሼ ይልማ ናቸው፤ ነጭ ሸሚዝ ከነከረባቱ። ምግብ ሊባረክ ነውና ሊጠሩን መጥተዋል። ወገቤ ላይ ያለውን ማሰሪያ አዩት። "ብርሃኑ፣ አንተም እዚህ ነህ?" አሉና እጃቸውን ዘረጉልኝ።

ተነሣሁ። ጎንበስ አልኩ። ቀኝ እጄን ዘርግቼ በግራዬ ክርኔን ደገፍኩ፤ እናቴ ያስተማረችኝን ሰላምታ ምንም ሳላጎድል ሰጠኋቸው።

መዳፋቸው ገና መዳፌ ውስጥ እያለ ጋሼ ዘውዴን አዳልጦት ኖሮ ገመዱ ወገቤ ላይ ሲፏጭ ሰማሁ። እጄን መንጭቄ ያዝኩት፤ መዳፌን አቃጥሎት አለፈ። ጋሼ ዘውዴ በእግሩ ወደቀ፣ ከዚያ በጀርባው ተንከባለለ።

ባህል ነው፣ ሳታስበው ነው የሚል ይኖራል። ለራሴም ለረጅም ጊዜ ያልኩት ይህንኑ ነው። ግን እውነቱ ሌላ ነው። እጄ ከመነሣቱ በፊት አንዲት አፍታ አስቤያለሁ፤ ያሰብኩትም በእኚህ ሰው ፊት ይህን ገመድ የያዝኩ ሆኜ መታየት አልፈልግም የሚል ነው። ያፈርኩት በገመዱ ብቻ አልነበረም፤ ገመዱ ጫፍ ላይ ባለው ሰውም ነው።

ጋሼ ይልማ የሆነው ነገር አልገባቸውም። ሰው ሊጠሩ ወደ ሜዳው ሮጡ። ጋሼ ዘውዴ በጀርባው እንደተኛ፣ ላቡ እየወረደ፣ ወገቡ ላይ ያለውን ቋጠሮ መፍታት ጀመረ። ክብደቱ አርፎበት ስለነበር ጠብቋል። ጥርሱን ነክሶ፣ ጥፍሩ እየተላጠ ፈታው።

"ቋጠሮው ነው፤ ሰማህ ብሬ? እኔ ነኝ ያላጠበቅኩት" አለኝ።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ..."

"ቅዳሜ ሽማግሌ ትልካለህ። ዝም በል።"

ዝም አልኩ። ሰዎቹ ሲደርሱ የተፈታውን የገመድ ጫፍ አሳያቸው፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜ ነበር። ማታ ሰናይት መዳፌን አይታ ምን ሆንክ ስትለኝ፣ የሥጋ መጥበሻው አቃጠለኝ አልኳት።

ተረከዙ ደቅቆ ነበር። አራት ወር ቤት ዋለ። በሦስተኛው ወር ሚስተር ኤርል አረፈ፤ አራቱ ቦታዎች ሳይነገሩት ቀሩ። ጋሼ ዘውዴ ሥራ ሲመለስ በሽተኛ ማንሣት ስላልቻለ ልብስ ማጠፊያ ክፍል አስገቡት። እስከ መጨረሻው እያነከሰ ኖረ።

ሽማግሌው ተሳክቶ ተጋባን። ሠርጌ ላይ ጋሼ ዘውዴ በክራንች መጣ። ጋሼ ይልማ ሊመርቁን ተነሥተው መከሩን፣ መከሩንና "ልጆቼ፣ ትዳራችሁን አጥብቃችሁ እሰሩ፤ እንደ ዘውዴ ቋጠሮ እንዳይሆን" አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አባባሉ የተወለደው ያን ቀን ነው። ሰናይት ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። ወደ ጋሼ ዘውዴ ጠረጴዛ ሳይ የእሱም ትከሻ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኑ ግን እኔ ላይ አልነበረም። ሆን ብሎ ወደ ሙሽራዋ ቤተሰብ ዞሮ ነበር፤ ፊቴን አይቶ እንዳያሳጣኝ።

በጸደይ እነሱ ቤት ምሳ እየበላሁ ሳለ፣ ጋሼ ዘውዴ ደብተሩን አውጥቶ እትዬ ጽጌን ለመናት። እግሬ ተሽሎኛል፣ አራት ብቻ ቀርተውኛል፣ ለሽማግሌው ቃል ገብቼለት ነበር አላት። እትዬ ጽጌ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ፈርታ ነው። "ቋጠሮ መቋጠር የማይችል ሰው ገደል አይወጣም፤ ልጅ አለህ" አለችው። እሱ ወደ እኔ አልዞረም። እኔ ጉርሻዬን አላመጥኩ። በዚያ ሳምንት ገመዱን ከመኪናው አውጥታ ጓሮ ከቤቱ ጥግ እስከ ዛፉ ልብስ ማስጫ አደረገችው። ያሰረላት እሱ ነው።

ያ ገመድ በረዶ አልፎበት፣ እርጥብ ብርድ ልብስ ተሰቅሎበት አንድ ቀን ረግቦ አያውቅም። ሰው ጓሯቸው ተሰብስቦ ሲጫወት እዚያው ገመዱ ሥር ቆሞ የዘውዴን ቋጠሮ ያነሣል። አንድ እሑድ የሊድያ የጫማ ክር ተፈትቶ አየሁና፣ ሰው ሁሉ እንደሚለው ከአፌ አመለጠኝ። ጋሼ ዘውዴ እያነከሰ ሄዶ በርከክ አለና አሰረላት። ሁለት ጊዜ ጎተተው። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን፤ "ቋጠሮ አይታመንም" ብሎኝ ወደ ቤት ገባ።

አንዴ ልናገር ሞክሬያለሁ። "ጋሼ፣ ለእትዬ ብነግራት ምን ይመስልሃል? ሰናይት ደግሞ እርጉዝ ናት፣ ወሬው ጋሼ ይልማ ጋ ሲደርስ..." አልኩት። ከአንድ ምላሽ ሌላ እንዳይኖረው አድርጌ ነው የጠየቅኩት። እሱም የምፈልገውን ሰጠኝ፤ ተወው አለኝ። ቀለለኝ። የቀለለኝ መሆኑ ዛሬም ፊቴን ያቀላዋል።

የሕይወት ታሪኩን ጻፍኩ። ስለ ስልክ እንጨቱ፣ ስለ ትጋቱ፣ ስለ ደግነቱ አሳምሬ ጻፍኩ። ስለ ገደሉ አንድ መስመር አልጻፍኩም፤ የቋጠሮዋንም ነገር ዘለልኳት። ጋሼ ይልማ ቀብሩ ላይ አነበቡት፤ ሰው አለቀሰ። ሲጨርሱ ጀርባዬን መታ አድርገው ጽሑፍህ ልብ ይነካል አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን እነሱ ቤት ሄድኩ። እትዬ ጽጌ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ በመስኮቱ ጓሮውን ታያለች። አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

"የቋጠሮዋን ነገር ስለተውክልኝ እግዚአብሔር ይስጥህ። ሰው ሲስቅበት ደስ አይለኝም ነበር፤ እኔም ግን እስቅበት ነበር" አለች።

ምስጋናዋን መቀበል አቃተኝ። ለስንት ዓመት ዝም ያለ ሰው ያን ቀንስ ለምን ተናገረ ቢሉኝ፣ ጀግንነት አይደለም፤ ምስጋናው ከበደኝ።

"እትዬ፣ ቋጠሮው አልተፈታም። ገመዱን የለቀቅኩት እኔ ነኝ" አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሰላምታውን፣ ጥፍሩ እየተላጠ እንዴት እንደፈታው፣ ዝም በል ማለቱን። መዳፌንም አሳየኋት፤ ጠባሳው ከአውራ ጣቴ ሥር እስከ ትንሿ ጣቴ ይሄዳል።

የመስኮቱን መስተዋት በእጇ ጠረገች። "ለኔስ ለምን አልነገረኝም?"

"ለእኔ ብሎ ነው።"

"የከለከልኩት እኮ ቋጠሮ አይችልም ብዬ ነው" አለች። "ሌላ ሰው ለቆት እንደሆነ ባውቅ፣ የሚይዝልህ ሌላ ሰው ፈልግ እለው ነበር። አራት ቀረኝ ብሎ ሲለምነኝ አንተ እዚህ ወንበር ላይ ነበርክ።"

"ነበርኩ።"

"ትበላ ነበር።"

"አዎ።"

አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም፤ ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ደረጃው ዞራ ሊድያን ጠራቻት። ሊድያ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የአባቷን ሹራብ ለብሳ ወረደች። እትዬ ጽጌ "ይቺ ልጅ በአባቷ ስትስቅ ነው ያደገችው። አሁን ለእኔ ያልከውን ንገራት። አንድ ቃል እንዳያመልጣት በእንግሊዝኛ ንገራት" አለችኝ።

ነገርኳት። በእንግሊዝኛ አጭር ሆነ። አባትሽ አልተሳሳተም፣ ቋጠሮው ደህና ነበር፣ እኔ እጄን አነሣሁ፣ እሱ ወደቀ፣ እኔ ዝም አልኩ። ሊድያ እስክጨርስ መዳፌን እያየች ቆመች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልሰው ልጅ በአማርኛ ጠየቀችኝ።

"ይዘሃል ብሎህ ነበር?"

"ብሎኝ ነበር።"

"ምን አልከው?"

እናቷን አየሁ። እናቷ ወደ መስኮቱ ዞራለች።

"ይዣለሁ አልኩት" አልኳት።